ስለ ሰው ክብደትና ቁመት ምጣኔ፤ ለድሬዳዋ ሕዝብ የተነገረ ትምህርት



በከተማችን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚያደርሰው ጎዳና ዳር፣ ቀትሩ አልፎ ሙቀቱ ጥቂት ገፋ ሲል፣ አንዲት አነስተኛ ሚዛን ከፊቱ አኑሮ መንገደኛውን የሚጣራ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ከሥራ የወጣውም፣ ከገበያ የተመለሰውም፣ የጫት እስሩን በብብቱ የያዘውም ጥቂት ብር ጣል ያደርግለትና ከነጫማው፣ ከነቁልፉ፣ ከነስልኩ ሚዛኗ ላይ ይወጣል፤ ልጁም ጎንበስ ብሎ የመርፌዋን አቋቋም ያይና «ሰማንያ ሁለት!» ብሎ አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ ድረስ ያውጃል። ብዙ ጊዜ እዚያ ቆሜ የሰዎቹን ፊት ስመለከት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ከዚያች ሚዛን ሲወርድ አኃዙን ይዞ ይወርዳል እንጂ ፍችውን ይዞ የማይወርድ መሆኑን ነው። ካምናው የጨመረ ፈገግ ይላል፤ የቀነሰ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ስለ ምን ፈገግ እንዳለና ስለ ምን እንደ ቋጠረ ቢጠይቁት ግን አጥርቶ አይመልስም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር የደገመ ልጅ ንባብ ዐወቀ ይባላል እንጂ ምሥጢር ዐወቀ አይባልም፤ ምሥጢሩን የሚገልጥለት የትርጓሜ መምህር ነው፤ እርሱም «አንድም» እያለ አንዱን ቃል በብዙ ወገን ይፈታዋል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁበት ጉዳይ፣ ይኸውም ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት የክብደትና የቁመት ምጣኔ፣ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አኃዙ ንባብ ነውና አንድምታው ካልተነገረለት ያሳስታል። ከመካከላችሁ ቁርዓን የቀራችሁም ቃሉን በቃል መያዝና ተፍሲሩን መማር ሁለት ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሚዛን የሚለው ቃል ራሱም በአማርኛና በዐረብኛ አንድ ነው።

አስቀድሜ ስለ ልማዳችን ጥቂት ልናገር። እኛ ዘንድ የሰው ሥጋ የሰላምታ ክፍል ነው። ከወራት በኋላ የተገናኙ ሁለት ወዳጆች እግዜር ይመስገን ተባብለው ሳይጨርሱ አንደኛው «ምነው ከሳህ? ምን አገኘህ?» ይላል፤ አለዚያም «ተመችቶሃል፤ ወዝህ ወጥቷል» ይላል፤ በፊተኛው ውስጥ ሐዘኔታ፣ በኋለኛው ውስጥ ምስጋና አለ። ቦርጭም ቢሆን የሹመትና የሀብት ምልክት ሆኖ የኖረ ነው። ይህን ሁሉ ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ መናቅ ግፍ ይመስለኛል፤ ክፉ ቀን የተባለውን የአያቶቹን ዘመን በወሬ የሰማ፣ የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረኃብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ የገዛ ሥጋውን እንደ ጎተራ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ባጃጅ ከበር እስከ በር በሚያደርስበት፣ ለስላሳ መጠጥ ከውኃ ቀድሞ ለእንግዳ በሚቀርብበት በዛሬው የከተማ ኑሮ ውስጥም ያው አሮጌ ፍርድ ሳይለወጥ ተቀምጧል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደት በኪሎ ይያዛል፤ ቁመት በሜትር ይለካና በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ ክብደቱ ለዚሁ ብዜት ይካፈላል። ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ብንወስድ፣ 1.75 በራሱ ሲባዛ 3.06 ይሆናል፤ 70 ለዚህ ሲካፈል 22.9 ይወጣል። ቁመቷ 1.58፣ ክብደቷ 74 ኪሎ የሆነች እመቤት ደግሞ 29.6 ታገኛለች፤ ያው 74 ኪሎ በፊተኛው ሰው ላይ ቢሆን ኖሮ 24.2 ብቻ በሆነ ነበር። የከዚራው ልጅ የሚያውጀው ቁጥር ብቻውን ሲቆም እምብዛም የማይጠቅመው ስለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በደነገገው ወሰን ከ18.5 በታች ያለ ሰው ከሲታ፣ ከ18.5 እስከ 25 ያለው ደኅና፣ 25 የሞላው ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው፣ 30 የሞላውም ያለልክ የወፈረ ይባላል፤ ከ16 በታች የወረደ ከሆነ ክሳቱ የጸና ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እነዚህ ወሰኖች ግን ከደብረ ሲና በጽላት ተቀርጸው የወረዱ አይደሉም። የእስያ ሕዝቦች በአነስተኛ ምጣኔ ላይ ሳሉ በስኳር በሽታና በልብ ሕመም የሚያዙ መሆናቸው ስለ ታየ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የዚያው ድርጅት የሊቃውንት ጉባኤ ቃል ለእነርሱ 23ንና 27.5ን ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ ምልክት አድርጎ አስቀምጧል። ሰው የተከለው ድንበር ነውና ሰው ያሻሽለዋል።

የዚህ ስሌት አባት ሐኪም ሳይሆን የከዋክብት መርማሪ መሆኑ ብዙውን ሰው ያስደንቃል። አዶልፍ ኬትሌ ይባላል፤ በ1796 እ.ኤ.አ. ጌንት በተባለች የቤልጅግ ከተማ ተወለደ፤ በብራስልስ የከዋክብት መመልከቻውን ያቋቋመ ሰው ነው። በእኛ አገር የባሕረ ሐሳብ ሊቅ መጥቅዕንና አበቅቴን ቀምሮ የበዓላትን ቀን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እርሱም የአንድን ኮከብ ስፍራ ብዙ ጊዜ ለክቶ፣ በየልኬቱ ያለውን ስሕተት በአማካይ እያቻቻለ እውነተኛውን ቦታ መፈለግ ሥራው ነበር። በኋላም ይህንኑ ጥበብ ከሰማይ ወደ ምድር አወረደና ስለ ወታደሮች ደረት፣ ስለ ሕፃናት ቁመት፣ ስለ ሟቾች ቁጥር መቀመር ጀመረ፤ በ1835 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍም «አማካይ ሰው» የሚል አሳብ አቆመ። የአዋቂዎች ክብደት ከቁመታቸው ብዜት ጋር አብሮ እንደሚያድግ ያስተዋለው በዚህ ምርምሩ ነው። ሕዝብን በጅምላ ለመግለጽ እንጂ እገሌን ወፍረሃል፣ እገሊትን ከስተሻል ለማለት ከቶ አላሰበም።

ከዚያ በኋላ አኃዙ መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ከሐኪም ቤት ርቆ ተቀመጠ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካዊው አንሴል ኪስ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ከአምስት አገሮች የተውጣጡ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ ወንዶችን መዝኖና ለክቶ፣ የኬትሌ ስሌት ከሌሎቹ የማያንስ፣ ለአሠራር ግን ከሁሉም የሚቀል መሆኑን አስረዳ። ፍጹም ነው አላለም። ልብ በሉ፤ የተመዘኑት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ሴትም፣ ጉርምስና ያልፈጸመ ልጅም በመካከላቸው አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ ይኸው ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ገደማ፣ በ1944ና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በሚኔሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለወራት ከፊል ረኃብ ውስጥ አቆይቶ፣ የተራበ ሥጋ እንዴት እንደሚያገግም ያጠና መሆኑ ነው። የረኃብንና የጥጋብን መለኪያ አንድ ሰው ሲይዛቸው ማየት፣ ሁለቱም አብረውት ለሚኖሩ ለእንደኛ አገር ሰው ልዩ ስሜት ያሳድርበታል።

እንግዲህ ወደ አንድምታው ልግባ። 27 የሚል አኃዝ የወጣለት የድሬዳዋ ሰው አለ እንበል። አንድም ጡንቻ ነው፤ በዕቃ ማራገፊያ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ይሆናል፤ ጡንቻ በመጠን ከስብ ይከብዳልና ሚዛኑ አይለየውም። አንድም ስብ ነው፤ ይኸውም ከወንበር ወደ ወንበር ሲዘዋወር የሚውል ሰው ነው። አንድም ውኃ ነው፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ እግሩ ያበጠ በሽተኛ ኪሎ ጨመረ ተብሎ ደስ ሲለው አይቻለሁ። አንድም ፅንስ ነው፤ ነፍሰ ጡርን በዚህ ስሌት መመዘን አይገባም። ደግሞ 17.5 የወጣለት ቢኖር፣ አንድም የምግብ እጦት ነው፤ አንድም ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አንድም ጫት የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶበት ማታ ማታ ሳይበላ የሚያድር ነው፤ አንድም ተፈጥሮው ነው።

ይህ የመጨረሻው በእኛ ከተማ ላይ ብዙ ነገር ያዘለ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ደገኛውና ቆለኛው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው በአንድ ገበያ ተገናኘ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ የሚለብሱ አይደሉም። በቆላው ከግመልና ከፍየል ጋር የሚኖረው አርብቶ አደር ብዙውን ጊዜ እግሩ ረዥም፣ ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ ግን አጠር ያለ ነው፤ ደገኛው ገበሬ ደግሞ በንጽጽር እግሩ አጠር፣ ደረቱና ሆዱ ያለበት ክፍል ረዘም ይላል። አንድ ዓይነት ቁመት ያላቸውን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ብታዩ፣ የሰውነት ክብደት በብዛት ያለው በላይኛው ክፍል ነውና፣ እግረ ረዥሙ ምንም ሳይጎድልበት ምጣኔው አንሶ ይገኛል። በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ የአርብቶ አደር ልጆች በክብደትና በቁመት ሲለኩ ከሲታ የተባሉት ሲበዙ፣ በክንድ ዙሪያ ሲለኩ ግን የሰውነት ቅርጽ ያን ያህል አላሳሳተም። ተቀምጦ የሚለካ ቁመትን ከቁም ቁመት ጋር ማነጻጸር ይህን ስሕተት ለማረም ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ነው። ቆለኛው ሁሉ ጠግቦ ያድራል ማለቴ ግን አይደለም፤ ድርቅ ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። ለአንዱ የተሰፋው ልክ ለሌላው እንዴት እንደሚነበብ ሳይጠየቅ ፍርድ አይሰጥም ለማለት ነው።

ሆድን ግን የትኛውም ቅርጽ አይሸሽገውም። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ በመጋላ ሰፈር ልብስ ሰፊዎች አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ሜትር ነው። በዝቅተኛው የጎድን አጥንትና በዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ፣ ሆድ ሳይጨመቅ ሲለካ፣ ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ከሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ካለፈ ግን አደጋው የጎላ ነው። ሌላም የሚቀል ዘዴ አለ፤ የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። ክር ወስዳችሁ ቁመታችሁን ለኩ፤ ክሩን ለሁለት እጠፉና በወገባችሁ ዙሪያ አዙሩት፤ ካልደረሰ ጉዳዩ ተነግሯችኋል። እኔ ራሴ ቁመቴ 1.70፣ ክብደቴ 80 ኪሎ ነው፤ ምጣኔዬ 27.7 ይወጣል። ለብዙ ዓመት «አጥንቴ ከባድ ነው» እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖሬ፣ አንድ ቀን የማውቀው ልብስ ሰፊ ሱሪ ሊሰፋልኝ ወገቤን ሲለካ ሜትሩ ላይ ያለውን አኃዝ ጮኾ ባይናገርም ቅንድቡን አነሣ። አጥንት በወገብ ዙሪያ አይከማችም። ያቺ ቅንድብ ካነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ አስተማረችኝ።

ስለ አገራችን ደግሞ ጥቂት አኃዝ ልጥቀስ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶው 30 ያህሉ ምጣኔያቸው ከ18.5 በታች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ወደ 22 ወረደ። በዚያው ዘመን ውስጥ 25 የሞላቸውና ያለፉት ሴቶች ከመቶው 3 የነበሩት ወደ 8 ወጡ፤ በከተማ ያለው ቁጥር ደግሞ ከገጠሩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዱ መከራ ሳይወጣ ሌላው ገባ ማለት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ እናት ለደም ግፊት መድኃኒት ስትውጥ፣ ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ልጅ ደግሞ ቀበቶዋ አልያዝ ብሏት ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ታገኟታላችሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ማጀት ይበላሉ።

ወደ ወጣቶች ስንመጣ ንባቡም ራሱ ይለወጣል፤ በዚህ ላይ ወላጆች ሁሉ ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ለአዋቂ ሰው ወሰኑ ባለበት የቆመ ነው፤ ሠላሳ ዓመትም ይሁነው አምሳ፣ 25 ያው 25 ነው። ለልጅ ግን ወሰኑ ከወር ወደ ወር ይራመዳል። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ይወፍራል፤ ከዚያ መራመድና መሮጥ ሲጀምር እስከ አምስትና ስድስት ዓመቱ ድረስ ምጣኔው እየወረደ ይሄዳል፤ ከዚያም ወዲያ እስኪጎለምስ ድረስ እንደ ገና ይወጣል። ስለዚህ የልጅ አኃዝ የሚነበበው በዕድሜውና በፆታው በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰንጠረዥ፣ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ከ21.4 ካለፈ ያለልክ የወፈረ ነው፤ እንግዲህ 22 ያመጣው የአሥር ዓመቱ ልጅ ብርቱ ጥንቃቄ ሲያስፈልገው፣ ያንኑ 22 ያመጣው የአሥራ ስምንት ዓመት ወንድሙ ከእኩዮቹ መካከል ላይ የቆመ ደኅና ጎረምሳ ነው። በተገላቢጦሹም 16 ያመጣ አዋቂ ሰው በጸና ክሳት ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ 16 ያመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከእኩዮቹ ቀጠን ያለ እንጂ በሽተኛ አይደለም፤ የእኩዮቹ መካከለኛ 18 ገደማ ነውና። የአዋቂን ወሰን በልጅ ላይ መጫን የአባትን ጫማ ለልጅ አጥልቆ ለምን ተደናቀፍህ ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

ዘመኑም ለሴቶቹና ለወንዶቹ አንድ አይደለም። ሴት ልጅ በቁመት የምትመዘዘው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ ሲሆን፣ ወንዱ ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይቀርባታል። በዚያ ጊዜ ዳሌዋና ደረቷ ሥጋ ሲለብስ ተፈጥሮ የወደፊት ሥራዋን እያሰበ የሚያከማቸው ነው፤ እናት «ወፈርሽ» ብላ ራቷን ብትቀንስባት ተፈጥሮን መቃወም ይሆናል። ወንዱ ደግሞ ሱሪው በሦስት ወር ከቁርጭምጭሚቱ ሲያጥርበት፣ ቁመቱ ከክብደቱ ቀድሞ ስለሚሮጥ ለጊዜው አጥንቱ ይቆጠራል። በልጅነቱ ምግብ ያነሰው ልጅ ጉርምስናውም ይዘገያል፤ ስለዚህ የከተማ ልጅና የገጠር ልጅ ሁለቱም አሥራ አራት ዓመት ቢሞላቸው እንኳ አካላቸው አንድ ዕድሜ ላይ ላይሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሰንጠረዡ በሙሉ አይናገርም፤ ሐኪሙ ልጁን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ምናልባትም አባቱን ስለ ገዛ ጉርምስናው ጠይቆ ይጨምርበታል።

ዕድሜ በወር ይፈለጋል ስል ደግሞ አንድ የታወቀ ችግር ይነሣል። ከእኛ ወላጆች ብዙዎቹ የልጅን ልደት የሚያስታውሱት በቀን ሳይሆን በነገር ነው። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ሰውን ከነቤቱ የወሰደበትን ዘመን ያላለቀሰበት የድሬ ሰው የለም፤ «ይህችን የወለድኋት ጎርፉ በመጣበት ዓመት ነው» የምትል እናት ሁሌ ትገጥመናለች። ለኀዘን መታሰቢያ ይበቃል፤ ለሰንጠረዥ ግን ጎርፉ ከመጣ በኋላ ነው ወይስ አስቀድሞ፣ በጾመ ፍልሰታ ነው ወይስ በረመዳን እያሉ ወሩን ማግኘት ያስፈልጋል። የጎርፉ ዓመት ልጆች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ከልጆች ሰንጠረዥ ወጥተዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን የክትባት ወረቀታቸው በእናታቸው ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአኃዙ ሁሉ ይልቅ ልጆቹን የሚጎዳው አጠራሩ ነው። በየትምህርት ቤቱ «ዱባ» የተባለች ልጅ ቁርሷን ትታ ትመጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ጭንቅላቷን ታማ ጠረጴዛ ላይ ትደፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሱቅ ሙሸበክ የተባለውን ጣፋጭ ገዝታ ተደብቃ ትበላለች። «ስንጥር» የተባለው ልጅ በበኩሉ ጓደኞቹ ከሚቅሙበት ሄዶ ይቀመጣል፤ ምሳውን አሳልፎ ማታ በስኳር የጣፈጠ ሻይ ይዞ ይተኛል። ሁለቱንም አንድ ጊዜ መዝኖ የሚፈርድ ሰው ምንም አያውቅም፤ አንድ ነጥብ መስመር አይሆንምና። በየስድስት ወሩ የተመዘገቡ ሦስትና አራት ነጥቦች ግን ልጁ በራሱ መንገድ እየሄደ ይሁን ወይስ መንገዱን ለቆ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየወጣ ይሁን ያሳያሉ፤ ሐኪምን የሚያሳስበው ይህ መልቀቁ ነው። ስለዚህም ለወፈረ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ክብደቱን እንዲቀንስ አይደለም፤ ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱን ባለበት እንዲያቆም ነው። ይህም ለስላሳውን በውኃ ለውጦ፣ ባጃጁን ትቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሩ ከሄደ ሳይራብ የሚሆን ነው።

ንግግሬ ረዝሞባችኋል፤ ከውጭም ሙቀቱ በርዷል። ከበሩ በስተቀኝ ሚዛን አቁመናል፤ ግድግዳው ላይም መለኪያ ለጥፈናል። ጫማችሁን አውልቁ፤ ተረከዛችሁንና መቀመጫችሁን ከግድግዳው አስነኩ፤ ፊት ለፊታችሁን እንጂ ወደ ላይ አትመልከቱ። ሹሩባ የተሠራችሁ እኅቶች ጉንጉኑ ከአናት ላይ ከተሰበሰበ ትንሽ ፈታ አድርጉት፤ አለዚያ ሁለት ሳንቲ ሜትር በፀጉር ታተርፋላችሁ። ክብደቱን ጮኾ የሚያውጅ ሰው የለም፤ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በእጃችሁ ይሰጣችኋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች የሆናችሁ የተወለዳችሁበትን ወር ከእናታችሁ ጠይቃችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ሰንጠረዡ ከእኔ ጋር ነው።